ዘንድሮ ማልያችን ላይ ለምን ስም የለም?



የጀመዓችን የእግር ኳስ ውድድር ባለፈው ሳምንት ሲጀመር ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ አንስታችኋል። አምና ደረቱ ላይ በትልቁ ስም የተጻፈበት ደማቅ ማልያ ለብሰን ነበር። ዘንድሮ ያለን አረንጓዴና ነጭ፣ አንዲት ፊደል ያልሰፈረበት፣ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ቀለሙ የሚለቅ ማልያ ነው። «ስፖንሰር አጣችሁ እንዴ?» ብላችሁናል። አላጣንም። ሊሰጡን የፈለጉ ነበሩ። ለምን እንዳልተቀበልን ግን በሜዳ ዳር በሁለት ቃል የሚነገር ስላልሆነ እዚህ ልንጽፈው ተስማማን።

ነገሩ የጀመረው ከሜዳ ሳይሆን ከመስጂድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከግቢያችን አጠገብ ባለው መስጂድ የሠፈር ልጆችን እናስቀራለን። አንድ ቅዳሜ ከመካከላችን አንዱ የሚወደውን የእንግሊዝ ክለብ ማልያ ለብሶ መጣ። ከፊቱ የተቀመጠ የስምንት ዓመት ልጅ አሊፍ ባውን ትቶ በወንድማችን ደረት ላይ ያሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት አንድ በአንድ ማንበብ ያዘ። ሲጨርስ «ኡስታዝ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» አለ። የውርርድ ድርጅት ስም ነበር። ወንድማችን «የድርጅት ስም ነው» ብሎ ሊያልፈው ፈለገ። ልጁ አልለቀቀውም፤ «ምን የሚሸጥ ድርጅት?»

ያን ቀን መልስ አልተገኘም። እኛ ግን ጥያቄውን ይዘን ወደ ዶርም ተመለስን።

የውርርድ ድርጅት ለአንድ ክለብ ብዙ ሚሊዮን ፓውንድ የሚከፍለው ክለቡን ስለሚወድ አይደለም። የሚገዛው ዓይናችንን ነው። ቅዳሜና እሁድ ዲኤስቲቪ ቤት ተጨናንቀን ስንቀመጥ፣ ለዘጠና ደቂቃ ያ ስም ከፊታችን አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2024/25 የውድድር ዘመን ከ20ዎቹ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች 11ዱ በማልያቸው ደረት ላይ የውርርድ ድርጅት ስም ነበራቸው። ከነዚህ ድርጅቶች አንዳንዶቹ ዋና ገበያቸው እንግሊዝ እንኳ አልነበረም፤ የሚፈልጉት ከእስያ ሆኖ በቴሌቪዥን የሚያየውን ሕዝብ ነበር። ክለቦቹ በሚያዝያ 2023 ባደረጉት ስምምነት ከ2025/26 የውድድር ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የውርርድ ስም ከደረት ላይ እንዲነሳ ወሰኑ። ከእጅጌና ከሜዳ ዳር ሰሌዳ ግን እንዲነሳ አልወሰኑም።

ነገሩ የሩቅ ሀገር ነገር ብቻ አይደለም። በሀገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከመንገድ ዳር ቢልቦርድ አስወገደ። ብዙም ሳይቆይ የራሳችን ፕሪሚየር ሊግ ስሙ ከውርርድ ድርጅት ስም ጋር ተያይዞ ይጠራ ጀመር። ቁርኣን ሱረቱል ማኢዳ ላይ ኸምርንና ቁማርን ጎን ለጎን አድርጎ ከልክሏል። ሜዳው ላይ ግን አንዱ ሲወጣ ሌላው ቦታውን ያዘ።

ከኛው ዶርም አንድ ወንድም ነበር፤ ስሙን አንጠራም። ኖን ካፌ ስለነበር በየወሩ የምግቡን ገንዘብ በእጁ ይቀበላል። መጀመሪያ በሃያ ብር ትኬት ቆረጠ። አንድ ቀን ስድስት ጨዋታ ገምቶ አምስቱ ተሳካለትና «በአንድ ጨዋታ ነው የቀረሁት» እያለ ሳምንቱን ሙሉ አወራ። ያቺ አንድ ጨዋታ በላችው። በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ የወሩን ገንዘብ በተቀበለ በማግስቱ ይጨርስ ነበር፤ ምሳ ሰዓት ላይ «ጾመኛ ነኝ» ይለናል። የሰኞና የሐሙስ ሱና መስሎን እንቀናበት ነበር። ለካስ የሚበላው አጥቶ ነው። ዛሬ አልሐምዱሊላህ ትቶታል፤ ይህንንም እንድንጽፍ የፈቀደልን እሱ ራሱ ነው። «ማልያው ላይ ስታየው እኮ ነውር አይመስልም። የምወደው ተጫዋች ደረት ላይ ያለ ነገር እንዴት ያስፈራኛል?» ብሎናል።

በዚህ ነገር ላይ የሙስሊም ተጫዋቾች ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቃለን። የማሊው ፍሬዴሪክ ካኑቴ ሴቪያ ሳለ በ2006 የውርርድ ድርጅት ስም ያለበትን ማልያ አልለብስም ብሎ ለተወሰነ ጊዜ ስሙ የሌለበት ማልያ ለብሶ ተጫውቷል። ያው ሰው በ2007 ሴቪያ ከተማ ውስጥ ሊዘጋ የነበረን የመስጂድ ቤት ከ500 ሺህ ዩሮ በላይ ከኪሱ አውጥቶ ገዝቷል። የሴኔጋሉ ፓፒስ ሲሴ በ2013 ኒውካስል ዎንጋ ከተባለ አበዳሪ ጋር ሲዋዋል ስሙን አልለብስም አለ። ዎንጋ ለጥቂት ቀናት ገንዘብ እያበደረ፣ ወለዱ በዓመት ሲሰላ ከ5,000 በመቶ በላይ የሚደርስ ድርጅት ነበር። ሲሴ የቅድመ ውድድር ጉዞ ቀረበት፤ በመጨረሻ ከንግግር በኋላ ማልያውን ለበሰ። ያኔ ብዙ ሰው «ከዚያ በፊት የለበሰው ማልያ ላይም የባንክ ስም ነበር፤ ባንክስ ወለድ አያስከፍልም?» ብሎ ተቸው። ጥያቄው ትክክል ነው። ግን ከሲሴ በፊት ለኛ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። እሱ ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ «ይሄስ አይሆንም» ብሏል። እኛ የት ቆመናል?

ከመካከላችን አንዱ «የኛ ማልያ እኮ ፎርጂድ ነው፤ ከገበያ በርካሽ የገዛነው። ለክለቡም ለድርጅቱም አንዲት ሳንቲም አልገባችም» ብሎ ተከራከረ። ሳቅን። ከዚያ አካውንቲንግ የምታጠና እህታችን «ታዲያ ሳይከፍሉህ ነው የምታስተዋውቅላቸው ማለት ነው» አለችው። ዝም አለ።

እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ተስማማን። ውርርድ ሐራም፣ ሪባ ሐራም፤ ምን ያከራክራል? ክርክሩ የመጣው ከማልያው አልፈን ወደ ክለቡ ባለቤት ስንሄድ ነው።

የማንቸስተር ዩናይትድ ነገር ሲነሳ ገና አልከረረም ነበር። እህታችን አስረዳችን። አሜሪካውያኑ ግሌዘሮች በ2005 ክለቡን በ790 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሲገዙ አብዛኛው ብድር ነበር። ያ ብድር ዕዳ ባልነበረበት ክለብ ላይ ተጫነ፤ ወለዱንም የሚከፍለው ክለቡ ሆነ። ይህ ማለት ደጋፊው ለትኬትና ለማልያ ከሚያወጣው ገንዘብ የተወሰነው ክለቡን ራሱን ለመግዣ ለተወሰደ ብድር ወለድ ይሄዳል ማለት ነው። የአርሰናልና የሊቨርፑል ደጋፊዎች በዩናይትዶቹ ሳቁባቸው። ቼልሲን በ2003 የገዛው ሩሲያዊው አብራሞቪች በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ማዕቀብ ተጥሎበት ክለቡ እንዲሸጥ መገደዱ ተነሳ። አሁንም ተሳሳቅን። የሌላ ሰው ኃጢአት ሲቆጠር ሻይ ይጣፍጣል።

ከዚያ አንዱ «የኒውካስልስ?» አለ።

ጥቅምት 2021 የሳዑዲ ዓረቢያ የመንግሥት ኢንቨስትመንት ፈንድ ከኒውካስል 80 በመቶውን በያዘበት ቀን እኛ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ሙሉው ግዢ 305 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። እንግሊዛውያን ደጋፊዎች ጀለቢያና ሽማግ መሰል ልብስ ለብሰው ስታዲየም በር ላይ ሲጨፍሩ አይተን ደስ ብሎን ነበር፤ ይህን መካድ አንችልም። ማንቸስተር ሲቲን በ2008 የአቡ ዳቢው ሼኽ መንሱር ሲገዙት፣ ፓሪስ ሴንት ዠርሜንን በ2011 የኳታር ሰዎች ሲይዙት፣ የአርሰናል ስታዲየምና ማልያ ከ2006 ጀምሮ የዱባይን አየር መንገድ ስም ሲሸከም፣ ውስጣችን የሆነ ኩራት አለ። በዚያ በሚንቁን ዓለም መሐል የኛ ሰዎች ትልቅ ወንበር ላይ ተቀመጡ እንላለን። ክለቡ «የኛ» ሆነ እንላለን።

ግን የፕሪሚየር ሊግ ተቺዎች አንድ ነገር ይላሉ፤ መንግሥታት ክለብ የሚገዙት በእግር ኳስ ስማቸውን ለማጠብ ነው ይላሉ። እኛ ይህን ስንሰማ መጀመሪያ የሚመጣልን መልስ «እነሱስ?» የሚል ነው። ቅኝ የገዙን እነሱ፣ ኢራቅን የወረሩ እነሱ፣ አሁን ፍትሕ አስተማሪ ሆኑብን? እውነት አለው። አውሮፓ ውስጥ ሙስሊም ባለሀብት ሲመጣ ብቻ ሞራል የሚታወሰው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን የሌላው ግብዝነት የኛን ሰው ንጹሕ አያደርገውም።

ነሐሴ 2023 ሂውማን ራይትስ ዎች ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ ከየመን በኩል ለመሻገር የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ብሏል። የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አልተቀበለውም። እኛ ዳኞች አይደለንም፤ ማስረጃ መርምረን ፍርድ መስጠትም አንችልም። ግን አንድ ነገር ራሳችንን ጠየቅን። ይህ ክስ የቀረበው የአሜሪካ ኩባንያ ላይ ቢሆን ኖሮ በጀመዓችን ቴሌግራም ላይ ስንት ቀን እንጽፍ ነበር? ስለዚህኛው ስንት ቀን ጻፍን? አንድም ቀን። በዚያ መንገድ የሚሄዱት እኮ የማናውቃቸው ሰዎች አይደሉም። ከወሎ፣ ከሐረርጌ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ የሚነሱ፣ ከኛው ጋር ሒፍዝ የጀመሩ፣ አሥረኛ ክፍል ላይ ያቋረጡ ልጆች ናቸው።

የኳታርም እንዲሁ ነው። የ2022ቱ ዓለም ዋንጫ ሲከፈት የቁርኣን አያ በስታዲየም ሲነበብ ስንቶቻችን አልቅሰናል። በዚያው ወር የውድድሩ አዘጋጅ ኃላፊ ሐሰን አል ተዋዲ ራሳቸው ከዓለም ዋንጫው ጋር በተያያዙ ሥራዎች የሞቱት ስደተኛ ሠራተኞች ከ400 እስከ 500 እንደሚገመቱ ተናግረዋል። ፍትሐዊ ለመሆን ኳታር በ2020 ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዳይቀይር የሚያደርገውን ደንብ አንስታለች፤ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለልም ደንግጋለች። ይህም ይነገር። ያ ግን ያለቀሰው ዓይናችን አንዱን ብቻ አይቶ ሌላውን እንዲዘል ምክንያት አይሆነውም። አላህ ሱረቱ ኒሳእ ላይ በራሳችን፣ በወላጆቻችን፣ በዘመዶቻችን ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ እንድንቆም አዞናል። ይህ ትእዛዝ የሚከብደው ባዳ ላይ ሳይሆን ወገን ላይ ነው። ለዚህም ነው በስም የተነገረን።

ክርክሩ እዚህ ላይ ሲደርስ ዶርሟ ጸጥ አለች። ያኔ ነው እስካሁን ያላስተዋወቅናችሁ አንድ ወንድም የተናገረው። በአምናው ውድድር የፍጻሜውን ጎል ያገባው ልጅ ነው።

አምና ማልያውን የሰጡን በከተማው የታወቁ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ነበሩ። ስማቸውን አንጽፍም፤ ለመገመትም አትሞክሩ፤ ጊባ እንዳይሆንብን። ለመስጂድ ምንጣፍ የሰጡ፣ በረመዳን ኢፍጣር የሚያበሉ ሰው ናቸው። ሦስት ደርዘን ማልያ ከነስማቸው አሠርተው ሲያመጡልን አንዳችንም ምንም አልጠየቅንም፤ ምን ይጠየቃል? ከፍጻሜው በኋላ ያ ወንድማችን ዋንጫውን አቅፎ፣ የእሳቸው ስም ደረቱ ላይ እያበራ ፎቶ ተነሳ። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ለጠፍነው፤ ሥሩ ላይ ለእሳቸው «ጀዛከሏሁ ኸይረን» ብለን ጻፍን።

ያን ምሽት በዶርም ውስጥ የነገረን ይህን ነው። ከዚያ ውድድር በፊት በነበረው ክረምት ቤተሰቡ ጋ ሳይሄድ ከተማ ቀርቶ በእሳቸው መጋዘን ጭነት ሲያወርድ ነበር። የሁለት ወር ሥራ ሠርቶ የሃያ ቀን ብቻ ነው የተከፈለው። «ነገ ና» ሲሉት፣ «ከበዓል በኋላ» ሲሉት፣ ትምህርት ተጀመረ። ከዚያ ማልያው መጣ።

«ለምን አልነገርከንም?» አልነው።

«በጣም ደስ ብሏችሁ ነበር» አለ። ቆየት ብሎም «ማልያው ከመጣ በኋላ ምን እላለሁ? ለጀመዓው ሰጡ እኮ። እኔ ብናገር ክፉ የምሆነው እኔ ነኝ» አለ።

ስም በስፖርት ይታጠባል ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባን። ለካስ ቢሊዮን ዶላር አያስፈልገውም። ሦስት ደርዘን ማልያ በቂ ነው። ማልያው የነጋዴውን ስም አላሳመረውም ይሆናል፤ የወንድማችንን አፍ ግን ዘግቶታል። እኛም ሳናውቅ አብረን ዘጋነው። የሠራተኛ ደሞዝ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተላለፈልንን ትምህርት በየዳዕዋው እንጠቅሳለን። ያ ላብ ግን ከፊታችን፣ በማልያችን ላይ ነበር።

በማግስቱ ሦስት ሆነን፣ ኡስታዛችንን ይዘን፣ በአክብሮት ነጋዴው ዘንድ ሄድን። መጀመሪያ ከፍቷቸው «ለመስጂድ ስሰጥ አላያችሁም?» አሉ። ኡስታዛችን «አይተናል፣ አላህ ይቀበልዎት። ይሄኛው ግን ስጦታ አይደለም፣ የልጁ ሐቅ ነው» አሏቸው። ዝም ብለው ቆዩ። በዚያው ሳምንት ከፈሉት። ክፉ ሰው ናቸው ብለን አናምንም። ሁላችንም የምንሰጠው ይታየናል፤ ያለብን ዕዳ አይታየንም።

ዘንድሮ በድጋሚ ማልያ ላሠራላችሁ አሉን። አመስግነን አንድ ነገር ጠየቅናቸው፤ ገንዘቡን ስም ሳይጻፍበት ጀመዓው ለተቸገሩ ተማሪዎች ለሚሰበስበው ፈንድ እንዲሰጡት። «አስቤ እነግራችኋለሁ» ብለዋል። እየጠበቅን ነው። ማልያውን ግን የቻልን 150 ብር እያዋጣን፣ ያልቻለውን ሳንጠይቅ ገዛነው። ስም የሌለው ማልያ ብርቅ አይደለም። ባርሴሎናም እስከ 2006 ድረስ ደረቱ ላይ የማንንም ስም ሳይለጥፍ ኖሯል። በዚያ ዓመት የዩኒሴፍን ስም ሲለጥፍም ተቀባይ ሳይሆን በየዓመቱ 1.5 ሚሊዮን ዩሮ ሰጪ ነበር። እርግጥ ነው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዕዳው ሲከብደው ከኳታር ገንዘብ ተቀበለ። እኛም ነገ ሊከብደን ይችላል።

«ታዲያ ኳስ ማየት እንተው?» ለምትሉን፣ እኛ ፈትዋ ሰጪ አይደለንም፤ ዑለማዎችን ጠይቁ። እኛ አልተውንም፤ ቅዳሜ ማታ ከዒሻ በኋላ እዚያው ታገኙናላችሁ። የደጋፊ ድምፅ ከንቱ እንዳልሆነም አይተናል። ጀርመን ውስጥ የአብዛኞቹ ክለቦች አብላጫ ድምፅ በአባላት እጅ እንዲቆይ ደንቡ ያዛል። የባየርን ሙኒክ አባላት በ2021 ጉባኤያቸው ላይ በኳታር አየር መንገድ ስፖንሰርነት ላይ ተቃውሞ አሰሙ፤ በ2023 ውሉ አበቃ። ለነሱ ስብሰባ አላቸው። እኛ ለሩቁ ክለብ ስብሰባ የለንም፤ ለጀመዓችን ግን አለን፤ ለዶርማችንም አለን።

ስለዚህ በመካከላችን ሦስት ነገር ተስማምተናል። የውርርድ ስም ያለበት ማልያ ለብሰን መስጂድ አንገባም፤ ልጆች ፊትም አንቀመጥም። ትኬት የሚቆርጥ ወንድም ካየን አናጋልጠውም፤ ብቻውንም አንተወውም፤ «ጾመኛ ነኝ» ሲል ሰኞ ወይም ሐሙስ መሆኑን እናያለን። ማንም ሰው ለጀመዓው ሲሰጥ ደግሞ ከማመስገናችን በፊት ለእሱ የሚሠሩትን እንጠይቃለን፤ ሰጪው የኛ ሰው ሲሆንም፣ በተለይ የኛ ሰው ሲሆን።

የዚያ ልጅ ጥያቄ አሁንም አለ። ቅዳሜ ሲመጣ ያንኑ ቦታ ይቀመጣል። ባለፈው ሳምንት ወንድማችን አዲሱን አረንጓዴ ማልያ ለብሶ ገባ። ልጁ ደረቱን አየ፣ እጅጌውን አየ፣ ዞር አድርጎ ጀርባውን አየ። የሚነበብ ሲያጣ ወደ አሊፍ ባው ተመለሰ።

የፍጻሜው ጨዋታ እሁድ ከዐሱር በኋላ ነው፤ ሁላችሁም ተጋብዛችኋል። አላህ የምናየውን እንድንናገር፣ የምንናገረውን እንድንሠራ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።